ባለ ቀንዶቹ እንግሊዞችና የቤቴ ጓጉንቸር

ልጄ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ እየተማረች አግብታ አረገዘች። ባሏ ሥራው ፖርት ሱዳን ስለነበር፣ ሆዷ ሲገፋ እኔ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ካላክላ መጣች። ትምህርቷን ግን አልተወችም። ቡሪ ሰፈር ከምሠራበት ቤት ስመለስ አንገሬቡ፣ የገመድ አልጋው፣ ላይ ጋደም ብላ፣ መጽሐፏን ሆዷ ላይ አስደግፋ ትጠብቀኛለች። እኔ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ እሰማለሁ፤ እሷ እንግሊዝኛውን በዓረብኛ፣ ዓረብኛውን በምትችላት አማርኛ እያደረገች ታነብልኛለች።

መጽሐፉ ስለ ድሮ እንግሊዞች ኑሮ ነው። የ“ጉሩን አልውስጣ” ሰዎች ናቸው አለችኝ። የኔ ዓረብኛ የኩሽናና የገበያ ነው፤ ጉሩን ብሎ ነገር የማውቀው ቀንድ ነው፣ የፍየል የበሬ፤ ውስጣ ደግሞ መካከለኛ። መካከለኛ ቀንድ ያበቀሉ ሰዎች መሰሉኝ፤ ረጅምም ያልሆነ፣ አጭርም ያልሆነ። ኸዋጃ፣ ፈረንጁ፣ ድሮም ስለሚያስፈራኝ፣ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። ስንት ቀን ቀንዳቸውን እያሰብኩ ሰማሁ። በኋላ፣ ሲተኙ ትራሱ እንዴት ይመቻቸዋል ብዬ ብጠይቃት ነው ነገሩ የወጣው። ጉሩን ለካ ክፍለ ዘመንም ማለት ኖሯል፤ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ማለቷ ነው። ሆዷን ይዛ ስትስቅ ምጥ ያመጣባታል ብዬ እኔ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ባለ ቀንዶቹ ሆኖ ቀረ።

ባለ ቀንዶቹ የሩቅ ሰው አልሆኑብኝም። ወለላቸው ላይ እንደ ቄጤማ ያለ ሣር ይጎዘጉዛሉ። ሲመሽ ደወል ይደወልና እሳታቸውን ያዳፍናሉ። ሥጋቸውን ዳቦ ላይ አድርገው ይበሉና መረቅ የጠጣውን ዳቦ ለድሃ ይሰጣሉ። እኛ ወሎ የምንሻማው እሱን፣ ወጥ የጠጣውን እንጀራ፣ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ስለ ወሊዳቸው አነበበችልኝ። ሴት ምጥ ሲጠናባት ሣጥኑን ይከፍታሉ፣ ቋጠሮውን ሁሉ ይፈታሉ፣ በሩንም ይከፍታሉ፤ ቤት ውስጥ የታሰረ ነገር ካለ ልጁም ይታሰራል ብለው። ካንቺ አይሻሉም እኮ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ቁልፍ ነካሁ።

የኔ ፍርሃት በር ነው። ካሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ድንገት ይመጣል፤ የመኖሪያ ወረቀት ቢኖርሽም ልብሽ ከቦታው አይኖርም። ስለዚህ የግቢዬን በር በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ከውስጥ በጓጉንቸር እቆልፋለሁ። ጎረቤቶቼ ቤቴን ሲጅን ይሉታል፣ እስር ቤት ማለታቸው ነው።

ምጧ ረፋድ ላይ ጀመራት። ዳያዋን፣ አዋላጇን፣ አስገብቼ መልሼ ቆለፍኩ። ቀትር አለፈ፣ ዓስር ተሰገደ፣ ልጁ ወይ ፍንክች። ዳያዋ ላቧን እየጠረገች፣ እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ ካልመጣ ሆስፒታል እንወስዳታለን አለች። እኔ ሣጥኑን ከፈትኩ። የልጄን ሹሩባ ፈታሁ፣ መቀነቴን ፈታሁ፣ የሽንኩርቱ ፌስታል እንኳ አልቀረኝም። በሩ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ውጭ መኪና ይንቋቋል፤ ለኔ መኪና ሁሉ ካሻ ነው።

ልጄ ከአንገሬቡ ላይ ሆና በክፍሉ በር አየችኝ። እናቷን የምትጠራኝ ዩማ ብላ ነው።

“ዩማ፣ በሩን።”

“የባለ ቀንዶቹን? ስትስቂበት አልነበር?”

“አሁን እኔም ቀንድ አብቅያለሁ። ክፈቺው።”

ዳያዋ አማርኛ ባትሰማም ቁልፉን አይታ ገባት መሰለኝ፣ “ያላ ያ ሐጃ”፣ በይ እንጂ እመት፣ አለችኝ።

ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የሚንቋቋው አሮጌ ሃፍላ፣ የሕዝብ አውቶቡስ፣ ነበር፤ ሰው ጭኖ ወደ ገበያ አለፈ። ጎረቤቶቼ ግን በሬ ተከፍቶ ሲያዩ፣ ሲጅኑ ተፈታ እየተባባሉ ግር ብለው ገቡ። አንዷ የልጄን ጀርባ ደገፈች፣ አንዷ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ አራገበችላት። መግሪብ ሳይል የልጅ ልጄ መጣች፣ ጩኸቷ ሰፈሩን አዳረሰ። ዳያዋ ጀርባዋን ስለደገፉላት ነው ትላለች። እኔ በሩ ነው እላለሁ።

ሰው ሲሄድ በሩን በመቀርቀሪያ ብቻ ዘጋሁት። ፍርሃቱ የትም አልሄደ፤ ግን ሴቶቹ ነገም መምጣታቸው ነው፣ ማን ይመላለሳል በቁልፍ። ጓጉንቸሩን ከሕፃኗ ትራስ ሥር ሸጎጥኩት፤ ብረት ነው፣ ክፉ ያርቃል። ልጄ ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዓይኗን ገልጣ አየችና፣ ይህንንም ባለ ቀንዶቹ ያደርጉታል አለችኝ።

“ብቻ ተከፍቶ ይቀመጥ፣ ዩማ።”

ከፍቼ አስቀመጥኩት።