ከሉዊዚያና የመጣው የክሮፊሽ ሳጥን

ዛሬ ኤርፖርት በዊልቸር የገፋኋቸው ቬትናማዊት እናት የበረዶ ሳጥናቸውን ከጭናቸው አላወርድም አሉ።

ከሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ ነው የመጡት። ቤታቸውን አውሎ ነፋስ አፍርሶባቸው፣ እዚህ ቬጋስ ሴት ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ነው።

«ምን ይዘዋል፣ እናቴ?» አልኳቸው። ሁለተኛ ሺፍቴ ነው፤ እግሬ ዝሏል።

«ክሮፊሽ። ጎረቤቴ ኬጀን ነው፣ የዚያው የሉዊዚያና ተወላጅ፣ የፈረንሳይ ዘር። እሱ ይቀቅላል፣ እኔ ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ አደርግበታለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ በላን። ትናንት ለስንብት ሠራን።»

(ክሮፊሽ ትንሽ ሸርጣን የመሰለ ነገር ነው። እናቴ ብታየው አማትባ ትሸሻለች።)

መውጫው ላይ ልጃቸው ሳጥኑን አይታ «እማ፣ እዚህም እኮ ይሸጣል» አለቻቸው።

እናትየው ሳጥኑን ከፈቱ። አንዱን ልጠው አጎረሷት።

እያኘከች አለቀሰች። እኔም ሌላ መንገደኛ ልገፋ ተመለስኩ።

እናንተስ፣ ከቤታችሁ ስትወጡ የመጨረሻውን ምግብ ማን አበላችሁ?