የተቀመጥኩበት እጅ

የታሰርኩት ስለ ጢም ነው። ሌላው ሰው ስለ ሀገር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሃይማኖት ታሰርኩ ብሎ ሲያወራ ልጆቼ ዞር ብለው ያዩኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሻዬን አማስላለሁ።

የቡና ዋጋ የወደቀበት ዘመን ነበር። በእኛ ከተማ፣ በሚዛን፣ ቡና ከወደቀ አብሮ የማይወድቅ ነገር የለም፤ ሠርጉም፣ ሻይ ቤቱም፣ የቤተ ክርስቲያኑ አሥራትም። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በዚያ ዓመት አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፍቶ አሮጌ ሱሪ ስጥፍ ከረምኩ። ያኔ ነው አንድ ጢማም ሰውዬ ገበያው መሃል ጠረጴዛ ላይ የወጣው።

"ዋጋው አልወደቀም፤ ጣሉት እንጂ" አለ።

ማን እንደጣለው ስንጠይቀው ወደ ትልቁ ነጋዴ መጋዘን አመለከተ። ቡናችሁን አትሽጡ፣ ቤታችሁ አስቀምጡት፣ ዋጋው ራሱ ተንበርክኮ ይመጣል አለን። "ለእኔ ደግሞ ሥልጣኑን ስጡኝ። ለጊዜው ነው፤ ችግሩ እስኪያልፍ።" እጅ አውጡ ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የኔ እጅ ነው። እጄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አፌም አብሮ ወጣ። ያን ሰሞን ጎረምሳው እየጨፈረ የዞረበትን፣ ነጋዴውን "ሆዱ መጋዘን" የሚለውን ግጥም የገጠምኩት እኔ ነኝ። ግጥሙ ቤት ይመታ ነበር፤ የሰሙት ሰዎች ደግሞ መጋዘን መቱ።

ቡናውን እንደተባልነው በየቤታችን ቆለልነው። ጨው እንኳ ደርቆ በማይውልበት በሚዛን ክረምት ጓዳ የተከመረ ቡና ምን እንደሚሆን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። እያወቅን አስቀመጥነው፤ እያወቅን ሻገተብን። አንድ ቀን ቦርዴ ቤት ተቀምጬ ስጠጣ፣ "ቡናችንም መሪውን መሰለ፣ ጢም አበቀለ" አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ከሳቁት አንዱ አፉን ጠርጎ ሄደና ነገረብኝ።

የጢማሙ ሰዎች ያስገቡኝ እዚያው የነጋዴው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ወርሰው እስር ቤት አድርገውታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነበር፤ የጆንያ፣ የቡና ገለባ፣ የሰው ላብ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ባለቤቱን ግድግዳው ሥር ተቀምጦ አየሁት። በገዛ መጋዘኑ ታስሯል። ከስቷል፣ ያስለዋል። ሆዱ መጋዘን አልነበረም።

"ገጣሚው፣ መጣህ?" አለኝ።

"መጣሁ፣ ጋሼ።"

"ግባ እንግዲህ። ቤትህ ነው።"

ምግብ የሚመጣልን ከየቤታችን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቆጮ በጎመን፣ ጎደሬ፣ ጨሞ በፔርሙስ ይገባ ነበር። ጨሞ የቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላበት መጠጣችን ነው፤ ፍሬውን ለገበያ፣ ቅጠሉን ለራስ። የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ይቀርባል፤ ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይበላል። ይህን ደንብ የጀመረው ነጋዴው ነው። የኔ ሚስት ሳትመጣ በቀረችባቸው ቀኖች የበላሁት ከሱ ቤት የመጣውን ነው።

እየዋለ ሲያድር ሳህኑ ቀለለ። የውጪውን ኑሮ የምናውቀው በሳህኑ ክብደት ነበር። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች በአንድ ጎደሬ ሰበብ በሩ ላይ ተናነቁ፤ ፔርሙሱም ተሰበረ፣ ጨሞውም መሬት ጠጣው።

ያኔ ጫኙ ተነሳ። ድሮ ለነጋዴው ጆንያ ይሸከም የነበረ፣ ክንዱ ግንድ የሚያህል፣ በድብድብ የገባ ሰው ነው።

"እስቲ ስሙኝ" አለ። "ምግቡን እኔ ልያዘው። ለጊዜው ነው፤ እስኪያልፍ።"

ቃሉን አወቅኩት። ልብስ ሰፊ የገዛ ስፌቱን እንዴት ይረሳል?

"እጅ አውጡ" አለ።

አሁንም ቀድሜ አወጣሁ። ርቦኝ ነው እንዳልል ያልራበው አልነበረም። እጁን ያላወጣው ነጋዴው ብቻ ነው። ደግሞም ያይ የነበረው ጫኙን ሳይሆን እኔን ነው።

ለጥቂት ቀን ሰላም ሆነ፤ ሐሰት አልናገርም። ተሰለፍን፣ አልተጋፋንም። ጫኙን ካቦ አልነው። ቀስ በቀስ ካቦው ቀድሞ ይበላ ጀመር፤ ቀጥሎ ጓደኞቹ፤ ቀጥሎ የሚያስቀው። የሚያስቀው እኔ ነበርኩ። "ያቺን ግጥም እስቲ አሰማን" ይለኛል። አሰማለሁ፤ አንድ ጉርሻ ይጨመርልኛል። ነጋዴው እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ጉርሻው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር። ለልጆቼ የማልነግራቸው ጢሙን አይደለም፤ ይህችን ነው።

ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። ከሸኮ ወረዳም ከሌላው ገጠርም የሚመጣ ጠያቂ ቀረ። አንድ ቀን እስከ ከሰዓት ጠብቀን የገባው አንድ ሳህን ብቻ ሆነ፤ የነጋዴው ሚስት የላከችው።

ካቦው ሳህኑን ይዞ ቆመ። "ምግብ ለምን እንደማይገባልን ታውቃላችሁ?" አለ። "በሱ ነው" አለና ወደ ነጋዴው በአገጩ አመለከተ። "እሱ እያለ ዘበኞቹ ሁላችንንም እንደ ጠላት ነው የሚያዩን። ከማዕዳችን ይውጣ። ባልዲው ጋ ይተኛ። እጅ አውጡ።"

ባልዲው የምንሸናበት ነው፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ደርቆ አያውቅም። በዚያ ሳል እዚያ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እጆቹ ግን አንድ በአንድ ወጡ። ነጋዴው አልተከራከረም፤ ሳህኑን፣ የሚስቱን ሳህን፣ ያይ ነበር።

የኔም ቀኝ እጅ ማንንም ሳይጠይቅ እንደ ልማዱ ተነሳ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ በግራ እጄ ያዝኩት። ወደታች ጎትቼ፣ ዶሮ እንቁላሏ ላይ እንደምትቀመጠው ተቀመጥኩበት።

"ሰፊው፣ እጅህ የታለ?" አለ ካቦው።

"ተቀምጬበታለሁ።"

ሳቁ። እኔ ግን ላስቅ ብዬ አልነበረም።

"አውጣው።"

"ይቅር፣ ካቦ። ይሄ እጅ በወጣ ቁጥር የሚያመጣብንን አይተነዋል።"

ሳቁ ቆመ። ካቦው ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጀግና ነበርኩ የሚል ካለ ያኔ አላየኝም። አልመታኝም። "እንግዲያው አንተም ባልዲው ጋ" አለ። ከወጡት እጆች አንድም አልወረደም።

ጨርቄን ይዤ ሄድኩ። ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋድሟል። እርጥቡ ላይ፣ በሱና በባልዲው መሃል ቁጭ አልኩ። ሳይዞር፣

"ዘገየህ" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

ጢማሙ እንዳመጣጡ ሄደ፤ እኛም ተፈታን። መጋዘኑ ዛሬ ሲሚንቶ ይሸጥበታል። ነጋዴው ከነሳሉ በሕይወት አለ፤ አማን ከተማ ሐኪም ቤት በር ላይ እንገናኛለን፣ እሱ ለሳሉ፣ እኔ ለጉልበቴ። አንገቱን ነቅነቅ ያደርግልኛል። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ቀልድ ወጥቶኛል።

ዘንድሮ ቡና እንደገና ሲወርድ ስብሰባ ተጠራን። መድረኩ ላይ የወጣው ወጣት ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ሱፉም ጥሩ ስፌት ያለው ነው። ዋጋው እንዳልወደቀ፣ የጣሉት ሰዎች እንዳሉ ነገረን። "ለጊዜው" ሲል ቀኝ እጄን ጭኔ ሥር አስገባሁት።

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጄ ጎንበስ ብሎ፣ "እጅህን አመመህ እንዴ፣ አባባ?" አለኝ።

"አዎ፣ የቆየ ነው" አልኩት።

ከኋላችን የማውቀው ሳል ተሰማ። እጁን አውጥቶ እንደሆነ ለማየት አልዞርኩም፤ እሱ አያወጣም። የማልታመነው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስብሰባው እስኪበተን፣ እጄ እስኪደነዝዝ ድረስ ተቀመጥኩበት።