ስልክ ቁጥራችንን የደበቀው ድረ ገጽ

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ላሊበላ ውስጥ «እዚህ ጋ ጎንበስ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ቀስ» እያልሁ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት። ከዚያ ሌላ ባለቤቴ የምታስተዳድራት፣ በኪራይ የያዝናት አራት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችን። እንግዳ ጠፍቶ ከረመና ባለቤቴ ቁርጡን ነገረችኝ፦ ለገና ክፍሎቹ ካልሞሉ ቤቱን ለአከራዩ እንመልሳለን። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ድረ ገጽ ያሠራነው ያኔ ነው። ሠሪው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሙያውን የሚወድ ትሑት ሰው ነው። ሠርቶ ሲያሳየኝ ግን ግራ ገባኝ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ጽሑፉ ቀጭን፣ አመድማ፣ ፀሐይ ላይ ጨርሶ የማይነበብ። ፎቶውን ልይ ብዬ ስነካው ይሸሻል፤ ሌላው ከሥር እየተንሳፈፈ ይመጣል። የማየውን ሳላይ ያልፈኛል።

ስልክ ቁጥራችን የታለ አልሁት። ጥግ ላይ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሳየኝ። እነሱ ሲነኩ ዝርዝር ይከፈታል፤ ከዝርዝሩ «ታሪካችን» የሚለውን መጫን፣ ከዚያ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች። የዛሬው ፋሽን እንዲህ ነው፣ እንግዳ ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ደስ ይለዋል አለኝ። ቤተ ጊዮርጊስስ ከሩቅ ይታያል ወይ፣ አፋፉ ላይ ደርሰህ አይደለም ቁልቁል የምታየው አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን ነው ወይስ እያታለለኝ ነው? እስከ ዛሬም አልለየልኝም።

ልቤ ስላልረጋ ሰው ላይ ልሞክረው ብዬ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ለጎረቤታችን ባለሱቅ አሳየሁት፤ አጠገቡ ቆሜ «ይቺን ንካ፣ አሁን ወደ ታች» ስለው ቁጥሩን አገኘው። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ሲመለሱ ያገኘኋቸው ቄስም መነጽራቸውን አድርገው፣ እኔ በጣቴ እያሳየኋቸው፣ አገኙትና መረቁኝ። ባለቤቴም እንደዚያው። ለሁሉ የቀለለው ለእኔ ብቻ ከከበደኝ ደንቆሮው እኔ ነኝ ብዬ ተውሁት።

ገና ደረሰ። አገሩ በነጭ ለባሽ ሞላ፤ የእኛ ክፍሎች ባዶ ናቸው። በየዓመቱ ከደሴ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር እየመጡ አራቱንም ክፍል የሚይዙ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። እሳቸውም ድምፃቸው ጠፋ። ታመሙ ይሆን አልሁ። አስቀይመናቸው ይሆን ብዬም ያለፈውን ዓመት መስተንግዶ አንድ በአንድ አሰብሁ፤ ምንም አላገኘሁም።

በበዓሉ ጠዋት፣ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር፣ ከሰው መሀል አየኋቸው። አቅፈው ሳሙኝና ቤቱን የዘጋችሁት መስሎኝ አሉ። ስልካቸው ጠፍቶ ቁጥራችንም አብሮ ሄዷል። ማኅበርተኞቹ ደሴ ላይ ተሰብስበው ድረ ገጹን ከፍተው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት አመሹ። ፎቶው አምሯል፣ እንዲያውም አንዷ አልቅሳለች፤ ቁጥሩን ግን ያገኘ የለም። ጨነቃቸውና ሌላ ቤት ያዙ።

አመሌ አይለቀኝ፣ ስልኬን አወጣሁ። ቀላል እኮ ነው፣ ይቺን ይንኩ፣ አሁን ወደ ታች አልኋቸው። ወዲያው አገኙት። ቁጥሩን አዩና ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አንተ አጠገቤ ብትሆንማ ደሴም ሆኜ አገኘው ነበር» አሉኝ።

ባለሱቁ፣ ቄሱ፣ ባለቤቴ ተራ በተራ ትዝ አሉኝ። አንዳቸውንም ብቻቸውን አልተውኋቸውም ነበር። በሰው ፊት አፈርሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ያልተተኛበትን አንሶላ ከአልጋ እያነሳች ታጥፋለች። የደሴዋ እናታችን ዘንድሮ አልመጡም ወይ አለችኝ።

መጥተዋል አልኋት።

አንሶላውን እንደያዘች ከኋላዬ ወደ በሩ አየች።

«ታዲያ የታሉ?»