በፍልሰታ ያጣራሁት ውሃ

ፊደል የቆጠርሁት ልጅ አዝዬ ነው፣ መሠረተ ትምህርቱ ሲመጣ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! የማታ ትምህርት ቤት ገባሁና ከጣና ወዲህ የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ክረምት ቀበሌያችን የሐይቁን ዳር ደንገል መንጥሮ ጎመን ሊዘራበት አሰበ። አጎቴ የሚተዳደረው በዚያ ደንገል ነው። ከዘጌ እንጨት በታንኳ ያመላልሳል፤ ታንኳ ደግሞ በጥቂት ወር ውሃ ጠግቦ ይበሰብሳል፣ ከደንገሉ አጭዶ ሌላ መሥራት ግድ ነው። ደንገሉ ከተመነጠረ እንጀራው ተቆረጠ።

«አንቺ ተምረሻል፣ ስብሰባው ላይ ተናገሪልኝ» አለኝ።

እኔን እኮ ነው! ጭንቀቱ የሱ፣ ኩራቱ የኔ ሆነ።

መምህሮቼን አንድ በአንድ ያዝኋቸው። የጂኦግራፊው፣ ከደጋ ታጥቦ የሚመጣውን አፈር ደንገሉ እንደሚያስቀረው ነገረኝ። የባዮሎጂው፣ ዓሣ እዚያ ውስጥ እንደሚራባ። የኬሚስትሪው ግን «በዓይናቸው ካላዩ አያምኑሽም፤ ውሃ አጣርተሽ አሳያቸው» አለኝ። ከፖለቲካ ትምህርቱም «ቅራኔ» የምትለዋን ቃል ወሰድሁ፤ ያለ እሷ ስብሰባ ላይ ማን ይሰማል? ሁሉንም በአንድ ድስት ጨምሬ አማሰልሁት።

ስብሰባው በፍልሰታ ጾም፣ ከረፋዱ ላይ ተጠራ። «በደንገሉና በጎመኑ መካከል ያለው ቅራኔ...» ብዬ ስጀምር አጎቴ እንኳ አዛጋ። ቶሎ ወደ ውሃው ገባሁ። ከሐይቁ የቀዳሁትን ድፍርስ፣ የደንገል ሥር በጠቀጠቅሁበት ቀዳዳ ቅል አሳልፌ በብርጭቆ ተቀበልሁ። ጠላ የነበረው ጠጅ መሰለ እንጂ ጠራ አይባልም። እኔ ግን «ይኸው ጠራ!» አልሁ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። «ጓዲት፣ ከጠራማ ጠጪው።»

ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳነሣ ከኋላ እናቴ ሳለች። ሳሏን አውቀዋለሁ። ጾም ነው ለካ! ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃስ ይቀመሳል? ያን ሁሉ ትምህርት ስቃርም ቀኑን ማሰብ ጠፍቶኝ። ብጠጣ ለእናቴ ምን ልበላት? ባልጠጣ የአጎቴ ደንገል ሊሄድ ነው።

«ራሷ ያጣራችውን ፈራችው!» አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሙስሊም ሴትዮ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«አምጪ ወዲህ! ጾሙ የናንተ ነው፤ እኔን ማን ከለከለኝ?»

ቢስሚላህ ብለው ጨለጡት። ፊታቸው ተጨማደደ።

«እህ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጭቃ ጭቃ ይላል። ደንገል ከሌለበት በኩል የምቀዳው ግን ከዚህም ይብሳል። ይኸን ደንገልም ነቅላችሁ ጎመን ብቻ ልታበሉኝ ነው?»

አሁን ሳቁ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። እጅ ይውጣ ሲባል ሴቶቹ ሁሉ አወጡ፤ ደንገሉ አይነካ ተባለ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ከጠጡልኝ ጎረቤታችን ደጅ እየሄድሁ «እትዬ፣ ሆድዎን እንዴት አደሩ?» እላለሁ።

«ደኅና ነኝ አልሁሽ! ልትጠይቂኝ ነው የምትመጪ ልትቀብሪኝ?»

አጎቴ እስከ ዛሬ ደንገሉን ባጨደ ቁጥር ለመንገደኛው ሁሉ «የእኅቴ ልጅ በትምህርቷ አስጥላልኝ ነው» ይላል። ላርመው እነሣና፣ ሲናገር ደስ ሲለው ሳይ እተወዋለሁ።