ወረቀቷ በእናቴ ጣቶች ላይ

የሐሞት ጠጠሬ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወስኗል። ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ነቀምቴ ለቅድመ ምርመራው ሄጄ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ከሚሆን ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። የደም ግፊቴን ለካ፣ ደም አስቀዳኝ፣ የሚወልቅ ጥርስ እንዳለኝ ሳይቀር ጠየቀኝ። በመጨረሻ ቀና ብሎ "ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ፣ እማማ?" አለኝ። "የለም፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። አፌ ቀደመኝ። ልጁም አመስግኖኝ ለማጠቃለያው ምርመራ ዓርብ እንድመለስ ነገረኝ።

ደህና አልነበርኩም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከገበያ ወደ ቤቴ የሚያመጣውን ዳገት ስወጣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ይቀመጣል። ትንፋሼ ያጥራል፣ ግራ ክንዴ ይዝላል። ያን ጊዜ ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ እቆማለሁ። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ በኦሮምኛ "ፈያዳ?" ብሎ ደህንነቴን ይጠይቀኛል፣ "ፈያ፣ ገለተ ዋቃ"፣ ደህና ነኝ፣ ለአምላክ ምስጋና፣ እላለሁ፤ ሲያልፍልኝ ጉዞዬን እቀጥላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አስተማሪ ሆኜ ስኖር "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት ለስንቱ ልጅ ሰሌዳ ላይ እንደ ጻፍኩ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሰላም ለዓርብ ታሰናዳኝ ጀመር። የጣቴን ቀለበት በሳሙና አንሸራታ አወጣችው፤ ከነጠላ ጫማዬና ከፎጣዬ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ቀጥላ ጥፍር መቁረጫ ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና "እማ፣ እስቲ እጅሽን ዘርጊልኝ" አለችኝ። ዘረጋሁ። ክንዶቼ ግን ሳላዛቸው ሄደው ከጎኖቼ ጋር ተጣበቁ። ሰላም ልብ አላለችም። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ እናቴ እጇን የዘረጋችው እንዲሁ አድርጋ ነበር።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው መጀመሪያ አንገር ጉቲን፣ ኋላ ጊዳ አያና ገጠር ውስጥ ቤት ሠርተው ነበር። የቅርብ ጎረቤታችን አደ ጫልቱ ነበረች። "አደ" በዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ክብር ነው። በእኛና በእሷ ጓሮ መካከል አንድ ረድፍ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነበር። እናቴን የምትጠራት በእኔ ስም ነው፤ "ሃዳ ዘውዴ"፣ የዘውዴ እናት እያለች። ሁለቱ ሲጫወቱ ኦሮምኛው የት ላይ አልቆ አማርኛው የት ላይ እንደሚጀምር አይታወቅም ነበር። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። መንገዱም እንደ ልብ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም። የአገዳው ረድፍ የነበረበትን መሬት አሁን ማን እንደሚያርሰው እንኳ አላውቅም።

እናቴ እንቅርት ነበረባት። እንቅርት በአገሩ ብርቅ አልነበረም፤ ብዙ ሴት አንገቷን በነጠላ ሸፍና ዕድሜዋን ትጨርሳለች። የእናቴ ግን በአጭር ጊዜ አደገባት። ትራስ ተደግፋ ካልሆነ መተኛት አቃታት። ስታንቀላፋ ጉሮሮዋ ያፏጫል። እኛ ልጆቿ ፉጨቱን ለምደነው ስለነበር ከእንቅልፋችን የምንነቃው ሲቋረጥ ነው። ደግሞ ትበላለች፣ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ሰው ሁሉ ጋቢ በሚደርብበት በታኅሣሥ ብርድ ግንባሯን ያልባታል። አንገቷ ሥር ያለው ደም ሥር ሲዘል ደጅ ከቆመ ሰው ይታያል።

በዚያ ሰሞን ነቀምቴ ላይ ቀዶ ሐኪም ለጥቂት ሳምንት እንደሚመጣ ተሰማ። አባባ ሄዶ ቀጠሮ አስያዘ። "ተመርምራ ብቁ ከሆነች በማግስቱ ትገባለች" ብለውት ነበር። ጉድ ያፈላችው ይህች "ብቁ ከሆነች" የምትል ቃል ናት። አባባ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ተረዳት፤ ያለፈ ይገባል፣ የወደቀ ይመለሳል። ወድቃ የተመለሰችውን ደግሞ እናውቃታለን፤ አደ ጫልቱ ናት። የእሷም አንገት እንደ እናቴ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሄዳ ሳይነኳት ተመልሳለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አደ ጫልቱ አንጮቴ የሚሉትን የአገሩን ሥራሥር ቀቅላ፣ በቅቤ ለውሳ፣ "ጉልበት ይሆንሻል" ብላ ይዛ መጣች። እናቴ እየበላች ሳለ ትምህርቱን ጀመረች።

"ሃዳ ዘውዴ፣ ስሚኝ። መጀመሪያ 'ልብሽ ይመታል ወይ?' ይሉሻል። 'ኧረ የለም' በይ። እኔ እውነቱን ተናግሬ ምን አገኘሁ? ክኒን ሰጥተው መለሱኝ። ክኒኑ ሲያልቅ ሐኪሙም አገሩ ገብቷል።"

"ከዚያስ?" አለ አባባ።

"ከዚያ 'እጅሽን ዘርጊ' ይላሉ። ጣትሽ ላይ ወረቀት ያስቀምጣሉ። ወረቀቱ ከተንቀጠቀጠ አለቀ፣ ወደ ቤትሽ ነው።"

አባባ ወደ እኔ ዞረ። በቤቱ ፈተና አላፊዋ እኔ ነበርኩ፤ እናቴን የማስጠናቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከደብተሬ መሃል ወረቀት ገነጠልኩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ዘረጋች፤ ወረቀቷን በጣቶቿ ላይ አስቀመጥኩ። ወረቀቷ ነፋስ እንደ ነካት ተርገፈገፈች። ነፋስ ግን አልነበረም። በማግስቱም ሞከርን፣ በሳልስቱም። እናቴ እጆቿን የሌላ ሰው እጆች ይመስል ትኩር ብላ ታያቸው ነበር።

ብልሃቱን ያገኘችው አደ ጫልቱ ናት። "ክንድሽን ከጎንሽ ጋር አጣብቂው፤ ትንፋሽሽንም ያዢ" አለቻት። እናቴ እንደተባለችው አደረገች፤ ወረቀቷ ቀጥ አለች። አባባ እንደ ልጅ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እናቴ አልሳቀችም።

"ወረቀቷን አቆምናት፤ ልቤንስ?" አለች።

አባባ ወረቀቷን ከጣቶቿ ላይ አንስቶ ደብተሬ ውስጥ ከተታት።

የምንሄድ ዕለት ቤታችን በሰው ተሞላ። የእኛዎቹ "ይቅር ለእግዚአብሔር" እያሉ ጉልበቷን ሳሙ፤ የእነ አደ ጫልቱ የጸሎት ማኅበር እጁን ጭኖ ጸለየላት። ተጣልታት የነበረች አንዲት ሴት ሳይቀር መጥታ ታረቀቻት። መታረቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው በቁሙ እንዲህ ሲለቀስለት አይቼ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ። እናቴም ለቅሶዋን አስቀድማ የሰማች ሟች መስላ ነበር።

በቆሎ በጫነ መኪና ሄድን። እናቴ ጋቢና፣ አባባ፣ አደ ጫልቱና እኔ ከላይ ጆንያው ላይ። ኑጉ ታጭዷል፤ ማሳው ገርጥቷል። ወደ አንገር ቆላ ስንወርድ ሳሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጥቁር ነበር፤ ጢሱ ገና አልጠፋም። መንገድ ላይ ካለችው ከኡኬ ከተማ ስንደርስ አባባ ብርቱካን ገዛላት። መኪናው ቆሞ ሳለ ያንን ሁሉ ብርቱካን እየላጠች በላች፤ ልጣጩ እግሯ ሥር ተቆለለ፤ ሆኖም "አሁንም ራበኝ" አለች። በዚያ ቀን የብርቱካን ሽታ ደስ አላለኝም።

ሐኪም ቤት የመረመረቻት ነርስ ረጋ ያለች ሴት ናት። የእናቴን እጅ አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች፣ ቅንድቧን ሰብስባ እንደገና ቆጠረች።

"የልብሽ ምት ይፈጥናል። እንዲህ ሲመታ ቆይቷል?"

"ኧረ የለም፣ እህቴ" አለች እናቴ።

"መንገዱ ነው" አለ አባባ ፈጠን ብሎ። "ጭነት መኪና ላይ ስትናጥ ነው የመጣችው። ሐኪም ቤትም አታውቅ፣ ፈርታ ነው።"

ነርሷ እናቴን እጇን አስዘረጋቻትና ወረቀት አስቀመጠችባት። ክንዶቿ ከጎኗ ጋር ተጣበቁ። ትንፋሿን ያዘች። ወረቀቷ ቀጥ አለች። "ጥሩ፤ ዛሬ እዚህ ትተኛለሽ፣ ነገ ጠዋት ለቀዶው ትገቢያለሽ። ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ እንዳትቀምሺ" አለች ነርሷ። አባባ ደጅ ወጥቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አመሰገነ። ፈተናውን አልፈናል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ አንዲት ፒክአፕ መኪና ቆመች። በጋቢ የተጠቀለለ ሬሳ ሲጭኑ አየን። ሁለት ሴቶች እንዳይጮኹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነበር። አደ ጫልቱ ሄዳ በኦሮምኛ አነጋገረቻቸው። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቢላ ከምትባለው ከተማ ናት። የእሷም አንገቷ ነው አሉ። ቀዶው ደህና ተሠርቶ አልቆ፣ ኋላ ልቧ ሮጦ፣ ሮጦ ቆመ።"

"ልቧ እንደሚመታ ተናግራ ነበር?" አልኳት።

"'ደህና ነኝ' ነው ያለችው አለችኝ እህቷ።" አደ ጫልቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ሃዳ ዘውዴንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ እኮ።"

ለአባባ ነገርነው። "ከተናገርን ይመልሷታል። ሐኪሙ የሚመጣው ለከርሞ ነው። ጉሮሮዋ ለከርሞ ይቆያል ወይ?" አለ። ብትገባ ልቧ፣ ብትመለስ ጉሮሮዋ። በአባቴ ፊት ላይ እንደዚያን ዕለት ያለ ፍርሃት አይቼ አላውቅም።

እናቴ ዘንድ ገባሁ። አልጋዋ በመስኮቱ በኩል ነበር፤ ሁሉንም አይታለች።

"ዘውዴ፣ አገር አልቅሶ ሸኝቶኛል። እንዲህ እንዳለሁ ምን ብዬ እመለሳለሁ? ደግሞ እያፏጨሁ መኖር ታክቶኛል። እንዳትናገሪ፤ አደራ።"

እጇን ያዝኳት። አንጓዋ ላይ የሚዘለው ነገር በብብት ሥር የተያዘች ዶሮ ልብ ይመስል ነበር። አደራ በእኛ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። ያን ጊዜ እናቴን በሁለቱም በኩል የማጣት መሰለኝ፤ ብናገር ትቀየመኛለች፣ ዝም ብል ትሞታለች።

ጠዋት ቀዶ ሐኪሙ ራሱ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። "አካም ቡልቴ?" ብሎ እንዴት እንዳደረች ጠየቃት፤ "ነጋ"፣ በሰላም፣ አለች። "ፈያዳ?" አላት፤ "ፈያ፣ ገለተ ዋቃ" አለች። ፈገግ ብሎ ሊያልፍ ሲል ድምፄ ከየት እንደወጣ ሳላውቅ ወጣ።

"ዶክተር፣ እጇን እንደገና ያስዘርጓት። ክንዷን ከጎኗ አርቃ።"

አባባ መሬት መሬት አየ። እናቴ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቀስ ብላ ክንዶቿን ከጎኗ አራቀችና እጇን ዘረጋች። ሐኪሙ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጣቶቿ ላይ አኖረ። ወረቀቷ ተንቀጠቀጠች፣ ወደ ጠርዝ ሄደች፣ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ጥያቄ አንድ በአንድ እንደገና ጠየቃት፤ በዚህ ጊዜ እናቴ መለሰች። ልቧን፣ ላቧን፣ ረሃቧን፣ ሁሉን ተናገረች። ሲጨርስ "ዛሬ ብትገቢ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ለወራት የምትውጠው ክኒን አዘዘላት። ምቱ ሲረጋ፣ ለከርሞ በጋ ሲመለስ እሱ ራሱ እንደሚሠራላት ቃል ገባ። አደ ጫልቱንም ጠርቶ አንገቷን አየላት።

ስንመለስ እናቴ እስከ ኡኬ አላናገረችኝም። ኡኬ ላይ መኪናው ሲቆም ከጋቢና ወርዳ ብርቱካን ላጠችና ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋች። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክንዷን ግን አላጣበቀችም።

"አደራዬን በላሽ" አለችኝ።

"በላሁ፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ይኼንንም ብዪ።"

ያ ዓመት አላልቅ አለ። ክኒኑ ልቧን ቢያረጋውም ፉጨቱ አልተወንም፤ ተኝተንም እናዳምጥ ነበር፤ ሲቋረጥ እንነሳለን፣ ሲቀጥል እንተኛለን። በከርሞው በጋ እሷና አደ ጫልቱ በአንድ መኪና ሄደው፣ አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞ በአንድ መኪና ተመለሱ። እናቴ የልጅ ልጅ አየች። ከቢላ የመጣችው ሴት ስም ማን እንደነበር ግን አልጠየቅንም፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። ለእናቴ የተረፈው ዕድሜ ከእሷ ሞት የተገኘ ነበርና።

ዓርብ ጠዋት ከሰላም ጋር ያው ልጅ ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። "ደህና ቆዩ፣ እማማ?" አለኝ። "ደህ..." ብዬ ዋጥኩት። ክንዶቼን ከጎኖቼ አራቅሁ።

"ልጄ፣ ማክሰኞ ያልነገርኩህ ነገር አለ።"

ዳገቱን፣ ደረቴን፣ ክንዴን፣ የነጠላዬን ማስተካከል ሁሉ ነገርኩት። እሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰላም አፏን ያዘች። አስተኝተው ደረቴ ላይ ሽቦ አደረጉ፤ ከመሣሪያው ወረቀት እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ፤ ሌላ ሐኪም ጠራ፤ እሱም ብዙ ቆየ። ኋላ "የሐሞቱ ይቆያል፣ እማማ። ዛሬ ቤት አይሄዱም" አለኝ።

ይህን የምጽፈው ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው። ነገ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ እፈራለሁም። ሰላም ከዓርብ ጀምሮ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ታደርግልኛለች፣ ግን አታናግረኝም፤ ይህን ያህል ጊዜ ደብቄያት መቆየቴ አስቆጥቷታል። አልፈርድባትም። ቅድም ቦርሳዋን ይዛ ወደ ገበያ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። በሩን እያየሁ ብርቱካኑን እጠብቃለሁ።