የፎቶ ቤቱ ጫማ

ነገሩን ያመጣብኝ የጋለ አቧራ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ለዘገባ ተቀምጬ ነበር። ልብስ ስፌት የሠለጠኑ ወጣቶች የሚመረቁበት ቀን ነው። አዘጋጆቹ አንድ አሮጌ ፕሮጀክተር ጠረጴዛ ላይ አኑረው ሲያበሩት፣ ስንት ጊዜ እንደተኛበት የማይታወቅ አቧራ መጋል ጀመረና ሽታው እስከኔ ድረስ መጣ። ከዚያ የሠልጣኞቹ ፎቶዎች በሙዚቃ ታጅበው አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ወጡ። ልጆቹ በየፎቶው ይሳሳቃሉ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ብዕሬን እንደያዝኩ፣ ለዓመታት የለኝም ስል የኖርኩት አንድ ፎቶ የት እንዳለ በድንገት ትዝ አለኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመታችን ነበር። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ስለነበር ያደግኩት እዚሁ መቐለ፣ ሰሜን ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ውጭ ትግርኛ። በዚያን ጊዜ ተመራቂ ክፍል ሁሉ ከምረቃው ቀደም ብሎ የስንብት ዝግጅት ነበረው፤ የዝግጅቱም ዋና ነገር ስላይድ ሾው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ፎቶ ይሰጣል፦ አንድ የልጅነት፣ አንድ ጋውን ለብሶ የተነሳው። መጀመሪያ ልጅነቱ ይመጣል፣ አዳራሹ ይስቃል። ቀጥሎ ጋውኑ ይመጣል፣ ቤተሰቡ እልል ይላል። ከገጠር ለምረቃው የመጡ እናቶች ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ብዙዎቹ የልጃቸውን ፊት በግድግዳ ልክ የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የኛን ክፍል እንድሠራ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ቅጽል ስሜ “ዳኛው” ነበር። ሰው ሲያወራ ቀኑን አስተካክላለሁ፣ ቁጥሩን አርማለሁ፤ እኔ የጎበዝ ጋዜጠኛ ምልክት ይመስለኝ ነበር፣ እነሱ ግን ለመሳቂያ ነው ያወጡልኝ።

ሙዚቃውን ክራር የሚመታ የክፍላችን ልጅ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተጫወተልን፣ በስልክ ቀዳነው። ቅጂው መሃል ላይ ነፋስ የገፋው በር ሲጥጥ ሲል ይሰማል። እንደገና እንቅዳ ብንለው “ጣቴ አልቋል፣ በሩንም እንደ ማሲንቆ ቁጠሩት” አለን። ተውነው።

ሰዓት የምትቆጥርልኝ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከውቅሮ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ዝምተኛ የምትመስል ግን ሲጀምራት ሰው የምትጨርስ። ከኮምፒውተር ክፍሉ ደጃፍ ደረጃው ላይ እንቀመጥና አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሷ፣ አንዱን እኔ እናደርጋለን። ገመዱ አጭር ስለነበር ጭንቅላታችን ሊነካካ ምንም አይቀረውም። እያንዳንዱ ፎቶ አምስት ሰከንድ ነው፣ ከክራሩ ምት ጋር መግጠም አለበት። ጉልበቷን በጣቷ እየመታች በሹክሹክታ ትቆጥራለች፦ “ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ፣ ኣርባዕተ፣ ሓሙሽተ።” ሓሙሽተ ስትል ወደኔ ዞር ትላለች። ከሰዓት በኋላ ከእንዳየሱስ ኮረብታ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፀጉሯን ፊቴ ላይ ይጥለው ነበር። የሳሙና ሽታ ነበረው። ብዙ ጊዜ ልክ ቆጥራ ሳለ “አልገጠመም፣ ድገሚው” ብያታለሁ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነበር። ሁሉም የየራሱ ፎቶ በልዩ ዓይነት እንዲገባ ይፈልጋል።

“የኔ ላይ ልብ ይዙርበት።”

“ሰርግ መሰለህ እንዴ?”

“ታዲያ ይሄ ቀስ እያለ የሚደበዝዘው ቀብር ነው?”

እኔ ከመደብዘዝ ሌላ አልፈቀድኩም። ፎቶዎቹም ተሰበሰቡ። አንዱ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ የተነሳ፣ አንዷ ቁንጮ ብቻ ቀርቶላት የተላጨች፣ አንዱ ከበግ ጋር ተቃቅፎ የሚያለቅስ። የማን መሆኑ ያልታወቀ ወይም ስም ያልተጻፈበት ሲመጣ “ያልተረጋገጡ” የሚል ፎልደር ከፍቼ እዚያ እከተዋለሁ። ባለቤቱ ሲገኝ አወጣለሁ።

ሁለት ቀን ሲቀረን እሷ የመጨረሻዋ ሆና ፎቶዋን አመጣች። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልላዋለች። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጠርዙ የተበላ። ስድስት ዓመት ያህል የሆናት ልጅ፣ ከጀርባዋ ቀለም የተቀባ ፏፏቴ፣ በአንድ እጇ የፕላስቲክ አበባ፣ በሌላው ገመዱ የትም የማይደርስ ስልክ ጆሮዋ ላይ። እግሯ ላይ ከእግሯ በጣም የሚሰፋ አንጸባራቂ ጥቁር ጫማ። ፊቱ የሷ ነው፤ ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ አንዱ ቅንድብ ከፍ የሚል። ስካን አደረግኩትና እንደ ልማዴ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በቢክ “ለማስታወሻ” ይላል፣ ከሥሩ ዓመተ ምሕረት።

በጭንቅላቴ አሰላሁት። እኔና እሷ በአንድ ዓመት ነው የተወለድነው። በዚያ ዓመት እኛ ገና አልተወለድንም።

“ይህቺ አንቺ አይደለሽም” አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ነበር።

“ምነው?”

“ዓመቱ። አልተወለድሽም።”

ክራር የሚመታው ልጅ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። “ዳኛው ፈረደ! የጎረቤት ልጅ ሰርቃ መጣች!” ሁሉም ሳቁ። እሷም ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። ፎቶውን ከእጄ ወስዳ በዚያው ወረቀት ጠቀለለችው።

“እሺ፣ አውጣው።”

“ሌላ አምጪ እንግዲህ።”

“ሌላ የለም” አለችና ወጣች።

ስካኑን “ያልተረጋገጡ” ውስጥ ከተትኩት። አንድ ፎቶ ሲወጣ ከኋላ ያሉት ሁሉ ከምቱ ይለቃሉ፤ እንደገና ለመግጠም ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ በቦታው አምስት ሰከንድ ጥቁር አስገባሁና በመሃሉ ስሟን በነጭ ጻፍኩ። ንጹሕ ሥራ መሰለኝ። የማላውቀውን አላልኩም፣ የማውቀውን ብቻ ጻፍኩ።

በዕለቱ የአዳራሹን መስኮቶች በአንሶላ ሸፈንናቸው። የከሰዓት ፀሐይ በአንሶላው ሽመና እየገባ ለሁሉም ሰው ገለባማ መልክ ሰጥቶት ነበር። ፕሮጀክተሩ ሲግል ያ የአቧራ ሽታ መጣ። የጓደኛዬ እናት ከፊት ረድፍ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ የልጇን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ቀሚስ የለበሰው ልጅ ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እናቷም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። በጉ ሲመጣ አንድ አባት ተነሥተው “በጉን በላነው!” አሉ።

ከዚያ ጥቁሩ መጣ። ክራሩ ይሄዳል፣ ስሟ በነጭ ተጽፎ ቆሟል። ያ በር ሲጥጥ ያለው በትክክል እዚያ ላይ ነበር።

እናቷ ማንበብ አትችልም። ወደ ግድግዳው አንገቷን አስግጋ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣ “ኣበይ ኣላ?” አለች። የታለች? ልጇ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ቀጥሎ የጋውኑ ፎቶ መጣ፣ ከኋላ ያሉት እልል አሉ፣ አጨበጨቡ። እናቷ እልል አላለችም። የልጇ ፎቶ አልፎ የሌላው ሰው እስኪመጣ ድረስ ጥቁሩ የነበረበትን ቦታ እንደምትፈልግ ሆና ቀረች።

ሲያልቅ ጓደኛዬን ግቢው ውስጥ ውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋት። ምንም ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ።

“እህቴ ናት። ከኔ በፊት የነበረችው። ያን ፎቶ እናቴ ውቅሮ ወስዳ አስነሣቻት፣ በዓመቱ በኩፍኝ ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው እኔ የተወለድኩት። እናቴ ፊቷን የምታውቀው በዚህ ልክ ነው፣” መዳፏን ከፈተችልኝ፣ “ዓይኗም እየደከመ ነው። በትልቁ ላሳያት ነበር። ሁለታችንም ተራ በተራ እንመጣለን፣ ሁለታችንም እንመረቃለን ብያት ነው ያመጣኋት።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ጠየቅከኝ እንዴ? ነገርከኝ እንጂ።”

አንገቷን ደፍታ እጇን ታጠበች። ከዚያ፣ ይቅር ብላኝ ይሁን ደክሟት አላውቅም፣ ስለ ጫማው አጫወተችኝ። ጫማው የፎቶ ቤቱ ነበር፤ ባዶ እግሩን ለሚመጣ ልጅ ሁሉ ያውሱት ነበር አሉ። እህቷ ፎቶው ካለቀ በኋላ አላወልቅም ብላ አለቀሰች። እናቷ እስከ ዛሬ ስለዚያች ልጅ ስታነሣ ከሁሉ አስቀድማ የምታወራው ያንን ለቅሶ ነው።

እንደገና ልሥራው፣ ለብቻቸው ላሳያቸው ብዬ አስቤ ነበር። እናቷ በማግስቱ ምረቃው እንዳለቀ በውቅሮ አውቶቡስ ተመለሰች። እኛም ተበታተንን። እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄድኩ፣ እሷ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች። በደረጃው ላይ ልነግራት የነበረውን አልነገርኳትም። እኔም ወደ መቐለ የተመለስኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ጦርነቱ ቆሞ ስልክና ኢንተርኔት ሲመለስ የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ነቃ። መጀመሪያ ሁሉም የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ “አለሁ”። የሁሉም አልመጣም። እሷ እንዲህ ጻፈች፦ “እናቴም እኔም ደህና ነን። ቤታችን ውስጥ የነበረው ግን አንድም አልተረፈም። ያኔ ያመጣሁት ፎቶ ቅጂ ማን ጋ አለ? እናቴ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።”

በዚያው ቀን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከፈትኩ። ስላይድ ሾውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። በቦታዋ ያለው ጥቁር ነው። በስሟ የተቀመጡትን ፋይሎች ፈለግኩ፣ የጋውኑ ብቻ ነው ያለው። “አጣርቻለሁ፣ የለም” ብዬ ጻፍኩላት። በሥራዬ ሺህ ጊዜ የጻፍኩት ቃል ነው።

እናቷ በዓመቱ ዐረፈች። ድንኳኑ ውስጥ ሄጄ ተቀምጫለሁ። ከመታወቂያ ላይ አሳድገው ያሠሩት የእናትየው ፎቶ ከፊት ቆሞ ነበር። የጓደኛዬን እጅ ጨብጬ፣ ሰው የሚለውን ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ወር ከዚያ አዳራሽ እንደወጣሁ ዘገባውን እንኳ ሳልልክ ቤት ገባሁ። ዲስኩ ሲሰካ ተክ ተክ የሚል ድምፅ አለው። “ያልተረጋገጡ” የሚለውን ከፈትኩ። ሦስት ፎቶ ነበር። ሦስተኛዋ እሷ ናት፤ ፏፏቴው፣ አበባው፣ ስልኩ፣ ጫማው። በጓደኛዬ ስም ስፈልግ ያላገኘኋት በስሟ ስላላስቀመጥኳት ነው።

ጥቁሩን አውጥቼ እሷን አስገባሁ። አምስት ሰከንድ። ገጠመ።

እሑድ ከሰዓት ዓይናለም ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ጓደኛዬ እዚያ ነው ቤት የተከራየችው። በሩን የከፈተችልኝ ልጇ ናት፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ስድስት ዓመቷ። አየኋት፤ ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ቅንድብ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አደረግን፣ ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። ክራሩ ጀመረ። ቀሚስ የለበሰው ልጅ ሲመጣ ጓደኛዬ “ወይ ጉድ! አሁን እኮ ስንት መሥሪያ ቤት ያዛል” ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ምን ያህል ጊዜ እንዳልሰማሁት ያወቅኩት ያኔ ነው። ምን እንዳመጣሁላት ገና አልነገርኳትም።

በሩ ሲጥጥ አለ፤ ፎቶው መጣ።

ጓደኛዬ እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር። ጣቷ ጉልበቷን ሲመታ አየሁት። “ሓደ… ክልተ…” ሰለስተ ላይ ድምፅዋ ቆመ። እኔ ቁልፉን ተጫንኩና ፎቶው እንዳያልፍ አቆምኩት። ክራሩም አብሮ ቆመ።

“ማማ፣ እኔ ነኝ!” አለች ልጅቷ። በጣቷ ስክሪኑን ነካችው። “እይ፣ እኔ ነኝ!”

ጓደኛዬ ወደኔ ዞረች። ዓይኗ ሞልቷል፣ ያ ቅንድብ ግን ከፍ ብሏል። “ዳኛው፣ ምን ትላለህ?”

ላፕቶፑን ወደ ልጅቷ አዞርኩላት።

ልጅቷ ተንበርክካ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ብዙ አየችው። “ጫማው ግን የማን ነው? ሰፍቶኛል።”

“የፎቶ ቤቱ ነው” አልኳት።

“መለስኩላቸው?”

“መለስሽ” አለች እናቷ፣ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ እያስቀመጠቻት። “አላወልቅም ብለሽ በጣም አለቀስሽ። ኋላ መለስሽ።”