አናባቢውን ብቻ

ስንቅነሽን በካርቱም፣ በአርካዊት ሰፈር የሚያውቃት ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ድምፅዋን ነው። ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። የማርያም ማኅበር ስብሰባ ሲኖር በስልክ የድምፅ መልእክት የምትልከው እሷ ናት፤ ካርቱም ተወልደው ያደጉት ልጆች ፊደል ስለማያነቡ ጽሑፍ አይላክም። የሰው በር አንኳኩታ «ማነው?» ስትባልም ስሟን ተናግራ አታውቅም። «እኔ ነኝ» ትላለች፤ ይከፈትላታል።

ቀን ቀን አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሱዳናዊቷ አሠሪዋ ሲት ሉጥፊያ ቤት ታበስላለች። ሲት ሉጥፊያ ይኸው ስንት ዓመት «ስንቅናሽ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ስንቅነሽ ነገሩን ከንቀት ቆጥራው ትኖር ነበር። ንቀት አለመሆኑን የነገራት ተከራይዋ ፍሰሐ ነው። ፍሰሐ በካርቱም ያሉ ሐበሾች አናባቢ እንዴት እንደሚያወጡ ሊያጠና ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ነበር። ይህ ከካርቱሙ ጦርነት በፊት ነው።

«ሴትየዋ አልናቁዎትም፣ እትዬ» አላት። «እኛ ለ‹ነ› አንድ ቅርጫት፣ ለ‹ና› ሌላ ቅርጫት አለን። በእሳቸው ቋንቋ ለሁለቱ ያለው ቅርጫት አንድ ነው። ከየትም ይምጣ እዚያው ይጥሉታል።»

ይህ የቅርጫት ነገር ትንሽ ቢብራራ ደስ ይላል። አማርኛ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት አናባቢ አለው እንላለን። ሰው ግን አንዱን አናባቢ እንኳ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አያወጣውም። የልጅ ጉሮሮ አጭር፣ የአባቱ ረጅም ስለሆነ የሁለቱ «አ» በመሣሪያ ሲለካ የተራራቀ ነው። ከ«የ» አጠገብ የወደቀ አናባቢ ወደ ፊት ይሳባል፤ ከ«ወ» አጠገብ የወደቀው ከንፈር ያሞጠሙጣል። ሰው ሲቸኩል፣ ሲደክመው ወይም ሲያዝን ደግሞ አፉን አሟልቶ ስለማይከፍት አናባቢው ሁሉ ወደ አፍ መሃል ይሰበሰባል። የሚያስደንቀው፣ ጆሮ ይህን ሁሉ ልዩነት ሰምቶ ማለፉ ነው። ለቃሉ ብሎ የሚይዘው ትርጉም የሚለውጠውን ብቻ ነው፤ «በላ»ን ከ«ባላ» የሚለየውን።

ስንቅነሽ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ታዲያ ዕድሜ ልኬን ሰባት ቅርጫት ተሸክሜ ነው የምዞረው በለኛ!»

«ያውም ያለ ረክሻ፣ በእግርዎ!» አላት።

እንደ ልጇ ወደደችው። ድምፅዋን ሊቀዳ ሲለምናትም እሺ አለች፤ አንድ ነገር ግን አስማለችው። መቅጃው ቀይ መብራት ነበረው። «ይህ ሲበራ የምናገረው ያንተ ነው። ሳይበራ የምነግርህ የእኔ ነው።» በማርያም ማለላት።

ከዚያ የተጻፈ ቃል አስነበባት። «ባሕር» አለች፤ «ባ»ን አፏን ሞልታ። ፍሰሐ ደስ አላለውም። መቅጃ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቀዳሽ ቄስ ይሆናል፤ እሱ የፈለገው ሰው ሳይጠነቀቅ የሚያወጣውን አናባቢ ነበር።

በዚያው ሰሞን ክፉ ወሬ መጣ። የጎረቤቷ የለተብርሃን ወንድም፣ ምንዳዬ፣ በሊቢያ በኩል ሲሻገር ሰጥሟል። ለተብርሃን ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ጊዜው ይመረጣል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሲነጋጋ በሩ ይንኳኳል። ማኅበሩም እስክትወልድና እስክትጠና ይቆይ ብሎ ወሰነ። ስንቅነሽ በየቀኑ እየሄደች፣ ለተብርሃን «የምንዳዬ ስልክ እንቢ አለኝ» ስትላት «እዚያ ኔትወርክ የለም እኮ» እያለች ታረጋጋት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ ልብስ ስትተኩስ ፍሰሐ ገባ።

«ምነው እትዬ፣ ዝም አሉ?»

መቅጃውን አየችው። ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መብራቱ አልበራም። የሆዷን ነገረችው።

መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎበት እንደነበር ያወቀችው በኋላ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ፍሰሐ ጥናቱን ለማኅበሩ ሊያሳይ ዐማራት ሰፈር ባለው አዳራሽ ቆመ። ለተብርሃን ሆዷን ይዛ ከፊት፣ የማራገቢያው ነፋስ የሚደርሳት ቦታ ተቀምጣለች። በመጀመሪያ የተነበበውን «ባሕር» አሰማ።

«ቅዳሴ ገባች እኮ!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ። ስንቅነሽም ሳቀች።

«አሁን ደግሞ ይህችኑ ቃል በጨዋታ መሃል አድምጧት» አለ ፍሰሐ።

ከድምፅ ማጉያው የራሷ ድምፅ ወጣ፤ የደከመ፣ የተሰነጠቀ። «የለተብርሃንን ወንድም፣ ምንዳዬን… ባሕር በላው እኮ። እስክትወልድ እንዴት አድርጌ ልቻለው?»

ፍሰሐ ግድግዳው ላይ በበራው የድምፅዋ ሥዕል ላይ ጣቱን አሳረፈ። «አያችሁ? ‹ባ› ወደ ‹በ› ተጠግታለች። ሁላችሁም ግን ‹ባሕር› ብላችሁ ነው የሰማችሁት!»

እውነቱን ነው። ሁሉም ሰምቷል።

ለተብርሃን ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። ፍሰሐን አላየችውም። «ስንቅነሽ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ላንቺው ብዬ…»

«ኔትወርክ የለም ያልሽኝ?»

ሴቶቹ ደግፈው ሲያወጧት ስንቅነሽ እጇን ዘረጋች። ለተብርሃን ገፋቻት።

ማታ ፍሰሐ ጓዳው በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። «ወላሂ እትዬ፣ ስንቴ ሰማሁት፤ ቃሉን ግን አልሰማሁትም። አናባቢውን ብቻ ነበር የምሰማው።»

ቃሉን እንዳልሰማው ያመነችው ይህን ጊዜ ነው፤ የባሰውም ይኸው ሆነባት። ክፋት ቢሆን ትሳደብ ነበር። ይህ ልጅ ግን ዕንባዋን ከፊቱ አስቀምጣለት፣ እሱ የአፏን አከፋፈት ሲለካ ነበር።

«ፕላስተሩንስ? እሱንም ሳትሰማ ነው የለጠፍከው?»

ፍሰሐ ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«ያላ፣ ዕቃህን ሰብስብ» አለችው።

ሲነጋጋ ጥቁር ለብሳ ወጣች። የምትነግረው መርዶ አልቀረም፤ ሽማግሌም አልተከተላትም። ሰዓቱ ግን የመርዶ ሰዓት ነው፤ ሊደረግ ይገባ የነበረውን ቢያንስ እግሯ ያድርገው ብላ ነው። የለተብርሃንን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች። ከሌሊቱ ለቅሶ የተነሣ አፏ እሺ ብሎ አልተከፈተም፤ አናባቢዎቿ ተሰባስበው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቆ ነው የወጣው። ያም ሆኖ ጆሮ ለቃሉ ብሎ የሚያልፈውን ልዩነት ለተናጋሪው ብሎ ይይዘዋል፤ በሺህ «እኔ ነኝ» መካከል ወዳጁን የሚለየው በእሱ ነው።

«አውቄሻለሁ» አለች ለተብርሃን ከውስጥ።

ስንቅነሽ ቆማ ጠበቀች። መቀርቀሪያው አልተነቃነቀም።